ለዛውን እያጣ ስላለው ቅርጫት ኳስ፦ በወጣቶች ውድድር መዝጊያ እራት ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የተከበራችሁ አሰልጣኞችና ዳኞች፣ ከቨርጂኒያና ከባልቲሞር ድረስ መንገድ አቋርጣችሁ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ ውድ ልጆቻችን፤ እንኳን ለዘንድሮው የውድድር መዝጊያ በሰላም አደረሳችሁ።

የዝግጅት ኮሚቴው ይህን ንግግር እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ፣ ልማዱ እንደሚያዘው ምግቡን ላዘጋጁልን እናቶች፣ ክረምት ከበጋ ቅዳሜን ሙሉ ልጆች ሲያመላልሱ ለከረሙ ወላጆችና ያለ አንዳች ክፍያ ላሰለጠኑልን ወጣቶች ምስጋና አቅርቤ፣ ስለ ስፖርት ጥቅም ጥቂት ቃል ጨምሬ እንድቀመጥ አስቦ እንደሆነ አውቃለሁ። ምስጋናውን ከልቤ አቀርባለሁ፤ ያለ እናንተ ይህ ውድድር አንድ ዓመት እንኳ አይቆምም ነበር። ስለ ስፖርት ጥቅም ግን በመካከላችን ያሉት ሐኪሞች ከእኔ አብልጠው ስለሚያውቁ ለእነሱ ትቼዋለሁ። እኔ የመጣሁት ለዓመታት በየቡናው ላይ፣ በየታክሲው ተራና ከቤተ ክርስቲያን መልስ በየደጁ ስንከራከርበት የኖርነውን አንድ ጉዳይ በዚህ መድረክ ላይ በግልጽ ለመናገር ነው። ጉዳዩም ይህ ነው፦ የአሜሪካው የፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ፣ ኤንቢኤ የምንለው፣ ለተመልካች የነበረው ለዛ ቀንሷል ወይስ አልቀነሰም? ቀንሷል ብዬ አምናለሁ። የቀነሰበትን ምክንያት አውቀዋለሁ ብዬም አምናለሁ፤ የሚስተካከል መሆኑን ስለማውቅ ደግሞ ዝም ብሎ ማየቱ ያናድደኛል። ልጆቹም እንዲከተሉኝ ዓመታቱን ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር እጠራለሁ።

ከእኛ መካከል በ1980ዎቹ ወደዚህ አካባቢ የመጣን ብዙዎች ነን፤ ገሚሶቻችን በገዳሪፍና በካርቱም የስደት ኑሮ አልፈን፣ ሌሎቻችን ለትምህርት መጥተን በዚያው የቀረን። ቀን ክፍል ውስጥ፣ ሌሊት መኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ወይም ታክሲ ላይ በምናሳልፍበት በዚያ ዘመን፣ ትንሽ ገንዘብ የተረፈን ዕለት ላንዶቨር ሜሪላንድ ወደነበረው ካፒታል ሴንተር እንሄድ ነበር። የዋሽንግተን ከተማ ቡድን፣ የዛሬው ዊዛርድስ፣ ያኔ ቡሌትስ ይባል ነበር። ከጣሪያው ሥር ከሚገኘው ርካሽ መቀመጫ ሆነን የምናየው በ1985 ቡድኑን የተቀላቀለውን የሱዳኑን ልጅ፣ ዲንካውን ማኑት ቦልን ነበር። ቁመቱ 2 ሜትር ከ31 ሳንቲ ሜትር ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ 397 የተቃራኒ ቡድን ውርወራዎችን በእጁ መልሷል፤ በመጀመሪያ ዓመቱ ይህን ያህል የመለሰ ተጫዋች ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም አልታየም። ለእኛ ደግሞ ከዚህም በላይ ነበር፤ እኛ ጥለን ከመጣነው ምድር ጎን ካለው አገር፣ የእኛኑ በመሰለ ጦርነት ከሚታመስ ሕዝብ መካከል የወጣ ሰው በዚያ ደማቅ ብርሃን ሥር ቆሞ ሲጨበጨብለት ማየት ለሳምንት የሚበቃ ስንቅ ይሆነን ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ይኸው ቡድን እዚሁ ባልቲሞር ያደገውን መግሲ ቦግስን አመጣ። ቦግስ ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ነው፤ እስከ ዛሬ በሊጉ ታሪክ ከእሱ ያጠረ ሰው አልተጫወተም። እስቲ አስቡት፤ በሊጉ ከተጫወቱት ሁሉ አጭሩ ሰው በዚያን ጊዜ ከነበሩት ሁሉ ረጅም ከሆነው ሰው ጋር አንድ ማልያ ለብሰው ወደ ሜዳ ይገባሉ። አንዱ ኳሷን ከመሬት ሳያርቅ በረጃጅሞቹ መካከል ይሾልካል፤ ሌላው ቅርጫቱ ሥር ቆሞ የመጣውን ሁሉ ይመልሳል። ቡድኑ ሻምፒዮን የሚሆን ቡድን አልነበረም፤ እኛም ዋንጫ ለማየት አልነበረም የምንሄደው። ቀጥሎ የሚሆነውን ስለማናውቅ ነበር የምንሄደው።

ቦል በ1988 ጎልደን ስቴት ወደሚባለው የካሊፎርኒያ ቡድን ሲዛወር አሰልጣኙ ዶን ኔልሰን ከሩቅ እንዲወረውር ፈቀደለት። በዚያ የውድድር ዘመን ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ፣ ማለትም የገባ ኳስ በሁለት ፈንታ ሦስት ነጥብ ከሚቆጠርበት ርቀት፣ 91 ጊዜ ወርውሮ 20 አገባ። በቁጥር ሲታይ መጥፎ ውጤት ነው። ሆኖም ያ ሰው ከመስመሩ ውጭ ቆሞ ኳሷን ወደ ላይ ባነሳ ቁጥር ሕዝቡ ከመቀመጫው ይነሳ ነበር። በ1993 ደግሞ ለፊላዴልፊያ ሲጫወት ከፊኒክስ ጋር በነበረው ጨዋታ በአንድ አጋማሽ ብቻ ስድስት ባለ ሦስት ነጥብ አስገባ፤ ያን ዕለት የተሰማውን ጩኸት በቴሌቪዥን የሰማ ሁሉ አይረሳውም። ለምን እንዲያ ተጮኸ? ባለ ሦስት ነጥብ ውርወራ ስለገባ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በአንድ ምሽት ከሃያ በላይ ይገባል፤ ማንም ከወንበሩ አይነሳም። የተጮኸው ያልተጠበቀው ሰው ያልተጠበቀውን ነገር ስላደረገ ነው።

ወገኖቼ፣ የዛሬው ጨዋታ የጎደለው ይህ ነው። ያልተጠበቀው ነገር አለቀ።

የሦስት ነጥብ መስመር ወደ ኤንቢኤ የገባው በ1979 ነው። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ በአማካይ ሦስት ጊዜ እንኳ አይሞላም ነበር ከዚያ መስመር ውጭ የሚወረውረው። በ2024-25 የውድድር ዘመን አማካዩ ከ37 አልፏል፤ ቦስተን ብቻውን በየጨዋታው 48 ጊዜ ይወረውር ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ሒሳብ ነው፤ ሒሳቡም ለማንም አይከብድም። ከሩቁ መስመር 100 ጊዜ ተወርውሮ 36 ቢገባ 108 ነጥብ ይገኛል። ከመስመሩ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ 100 ጊዜ ተወርውሮ 42 ቢገባ ግን የሚገኘው 84 ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ አሰልጣኙ ተጫዋቹን «ወይ እስከ ቅርጫቱ ግባ፣ ወይ ከመስመሩ ውጭ ቁም፤ መካከሉ ላይ አትገኝ» ይለዋል። እኔ ሒሳቡን አልክድም፤ ትክክል ነው። ችግሩ የመጣው 30ውም ቡድን ያንኑ ሒሳብ ሠርቶ ያንኑ መልስ ስላገኘ ነው። በፊት ዩታን የሚመለከት ሰው ዩታን ያውቅ ነበር፤ የሳን አንቶኒዮ ጨዋታ ከፊኒክስ ጨዋታ ይለይ ነበር፤ ማልያውን ሸፍነህ አካሄዱን ብቻ ብታይ ማን እንደሆነ ትናገራለህ። ዛሬ አንዱ ኳስ ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ተከላካዮች ይሰበሰቡበታል፣ ወደ ማዕዘን ያቀብላል፣ ማዕዘን ላይ የቆመው ይወረውራል፤ ገባም አልገባም፣ በሚቀጥለው ደቂቃ በዚያኛው ወገን ያው ይደገማል። በየዓይነቱ አዝዘን ሽሮ ብቻ ተሞልቶ ቢቀርብልን፣ ሽሮው የቱንም ያህል ቢጣፍጥ፣ ዝም ብለን የምንበላ ስንቶቻችን ነን?

የዚህን ነገር መጨረሻ ያየሁት በሜይ 28 ቀን 2018 ነው፤ ከእናንተ መካከልም አብራችሁኝ የነበራችሁ አላችሁ። የሜሞሪያል ዴይ ዕለት ስለነበር በሲልቨር ስፕሪንግ ከአንድ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበናል። ይህ ወዳጃችን ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት ሂዩስተን ስለኖረ የከተማዋ ቡድን የሮኬትስ ደጋፊ ነው፤ ደጋፊነቱም ከሐኪም ኦላጁዋን ዘመን ጀምሮ ነው። ልጆች፣ ኦላጁዋንን ካላያችሁት ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የድሮ ጨዋታዎቹን ፈልጋችሁ እዩ። የሌጎስ ልጅ ነው። በልጅነቱ የእግር ኳስና የእጅ ኳስ በረኛ ነበር፤ የእግሩን አጠቃቀም የተማረው እዚያ ነው። ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ቆሞ በትከሻው ወደ ግራ ያሳይና በእግሩ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ተከላካዩ ሲዘል እሱ ገና መሬት ላይ ነው፤ ተከላካዩ ሲወርድ እሱ ይወጣል። በ1995 የዓመቱ ምርጥ ተብሎ የተሸለመውን ዴቪድ ሮቢንሰንን እንዲያ አድርጎ ሲያሽከረክረው ዓለም ሁሉ አይቷል። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ረመዳንን እየጾመ፣ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይቀምስ ተጫውቶ የወሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል፤ ጾም ምን እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች የዚህን ትርጉም ማንም ሊያስረዳን አይገባም። ሂዩስተንን በ1994 እና በ1995 ሻምፒዮን ያደረገው ይህ ሰው ነው።

የ2018ቱ ሂዩስተን ደግሞ ሌላ ነበር። ከ82 ጨዋታ 65 ያሸነፈ ጠንካራ ቡድን ነው፤ በሊጉ ታሪክ ከባለ ሁለት ነጥብ ይልቅ ባለ ሦስት ነጥብ በብዛት በመወርወር የውድድር ዘመኑን የጨረሰ የመጀመሪያው ቡድን ነው። ያን ምሽት ከጎልደን ስቴት ጋር ሰባተኛውን፣ የመጨረሻውን ጨዋታ በገዛ ሜዳው ይጫወታል፤ ያሸነፈ ለፍጻሜ ያልፋል። አጋማሹን 54 ለ 43 መርቶ ወጣ። ወዳጃችን ደስታው ወሰን አጣ፤ ስልክ ወደ ሂዩስተን መደወል ጀመረ፣ ቡና እንዲፈላ አዘዘ፣ የጎልደን ስቴት ደጋፊ የሆነውን የወንድሙን ልጅ «ዛሬ እዚህ አታድርም» ብሎ ቀለደበት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ሮኬትስ ከሩቅ ወረወሩ፣ ሳቱ። እንደገና ወረወሩ፣ ሳቱ። አምስት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት ሆነ። ሕዝቡ መቁጠር ጀመረ። ቡናው ሁለተኛ ደርሶ ማንም አልጠጣውም። ልዩነቱ ጠበበ፣ ከዚያ ጠፋ፣ ከዚያ ተገለበጠ፤ እነሱ ግን አሁንም ከሩቅ ይወረውራሉ። የወዳጃችን እናት ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ መጥተው ከሶፋው ጥግ ተቀምጠው ጸሎታቸውን ያደርሱ ነበር። ጨዋታውን አያውቁትም። ሃያኛው አካባቢ ሲደርስ ቀና ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ ቀረብ ብለው ቢጥሏት ምን አለበት?» አሉ። ወዳጃችን የሒሳብ ባለሙያ ነውና በእጁ ጣቶች እየቆጠረ ያንን 108 እና 84 አስረዳቸው። እሳቸውም በጥሞና ሰምተው፣ «ሒሳቡ እንዲህ አስቀድሞ ካለቀ ታዲያ እናንተ ምኑን ነው የምትመለከቱት?» ብለው ጠየቁ። በዚያ ቤት ውስጥ መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። ሮኬትስ 27 ባለ ሦስት ነጥብ ውርወራዎችን በተከታታይ ስተው፣ በጠቅላላው 44 ወርውረው 7 ብቻ አስገብተው፣ 101 ለ 92 ተሸነፉ።

ትልቁ አቀባያቸው ክሪስ ፖል በጉዳት አልተሰለፈም፤ ድካምም ነበረባቸው፤ ይህን አልክድም። እኔን ያበሳጨኝ መሸነፋቸው አይደለም። አሥራ አምስት ሲስቱ ሌላ የሚሞክሩት ነገር አልነበራቸውም፤ ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ የሚቆም፣ ከመካከል ቆም ብሎ የሚወረውር፣ ጨዋታውን አረጋግቶ አካሄዱን የሚለውጥ ሰው ቡድኑ ውስጥ አላስቀሩም ነበር። የኦላጁዋን ከተማ የኦላጁዋንን ጥበብ በሒሳብ ደብተር ሠርዛ ጥላዋለች!

አንድ ክፉ ምሽት ነው፣ ተረስቷል የምትሉኝ ካላችሁ ሜይ 5 ቀን 2025ን አስታውሳችኋለሁ። የ2024 ሻምፒዮን የነበረው ቦስተን በገዛ ሜዳው ከኒውዮርክ ጋር ሲጫወት በ20 ነጥብ ይመራ ነበር። 60 ጊዜ ከሩቅ ወርውሮ 45ቱን ሳተ፤ በጥሎ ማለፍ ጨዋታ ታሪክ ይህን ያህል የሳተ ቡድን የለም። በተጨማሪ ሰዓት 108 ለ 105 ተሸነፈ። ከሁለት ቀን በኋላም በዚያው ሜዳ እንደገና በ20 መርቶ፣ እንደገና 40 ወርውሮ 10 ብቻ አስገብቶ፣ 91 ለ 90 ተሸነፈ። ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም ምንም አልተማረም፤ ምክንያቱም በሒሳቡ መሠረት ያደረጉት ሁሉ ልክ ነው።

ወጣቶቻችን የሚሰጡንን መልስ አውቀዋለሁ፤ እዚህ ተቀምጠው ራሳቸውን ሲነቀንቁም አያለሁ። «የዛሬ ተጫዋቾች ከድሮዎቹ ይበልጣሉ» ይሉናል። እውነታቸውን ነው። ዛሬ 2 ሜትር ከ10 የሆነ ሰው ኳስ እያንጠባጠበ እንደ አጫጭሮቹ ሲሄድ እናያለን፤ በእኛ ጊዜ ይህ የማይታሰብ ነበር። «ድሮ መገፋፋትና መጎነታተል ነበር» ይላሉ። ይህም እውነት ነው። በ1998-99 የነበረው አማካይ የአንድ ቡድን ነጥብ 92 አይሞላም ነበር፤ ብዙዎቹ ጨዋታዎች ትግል ይመስሉ እንደነበር እኔም አይቻለሁ፤ ማንም እዚያ ይመለስ አይልም። ከሩቅ በመወርወር የታወቀውን ስቴፍ ከሪን እወቅሳለሁ ብላችሁ የጠበቃችሁም ተሳስታችኋል። ከሪ በ2015-16 በአንድ የውድድር ዘመን 402 ባለ ሦስት ነጥብ ሲያስገባ ዓይናችንን ማመን አቅቶን እናይ ነበር፤ እሱ የሚወረውረውን ሌላ ሰው ስለማይወረውረው ነው ያየነው። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም ከሪን ሁን ተባለ። የሰርቢያው ኒኮላ ዮኪች ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚወስዱበት ምርጫ 41ኛ ሆኖ ተመርጦ፣ ሦስት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሆነው እንደማንም ባለመጫወቱ ነው፤ ሳይዘል፣ ሳይሮጥ፣ ጀርባው በኩል ያለውን ሰው አይቶ ያቀብላል። በ2025 ዋንጫውን የወሰደው የኦክላሆማው ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደርም ሌሎቹ ከተዉት ከመካከለኛው ቦታ ላይ ቆሞ በማስገባት ነው የምናደንቀው። እንግዲህ ልጆቻችን የሚወዷቸውን ሰዎች ስም ሲጠሩልን የሚጠሩት ከሌሎቹ የተለዩትን ነው። በምን እንለያያለን ታዲያ? እነሱም እኛም የምንፈልገው አንድ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ይህ ነገር የተፈጥሮ ሕግ ይመስል «ጨዋታው ራሱ እንዲህ ሆኗል፣ ምን ይደረጋል» የሚሉን አሉ። ጨዋታው ራሱ ምንም ሆኖ አያውቅም! በ1891 ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ መምህር ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ 13 ሕጎችን ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጥፎ የጀመረው ጨዋታ ነው። እዚህ የተቀመጣችሁ ታላላቆቻችን አራት ኪሎ ባለው በወወክማ ሜዳ የተማራችሁት ያንኑ ነው። ሰው የጻፈው ሕግ ነው፤ ሰውም ሲለውጠው ኖሯል። በኖቬምበር 22 ቀን 1950 የፎርት ዌይን ቡድን ረጅሙን ጆርጅ ሚካንን የያዘውን ሚኒያፖሊስን ለማሸነፍ ኳሷን ይዞ መቆምን መረጠ። ያኔ ኳስ ይዞ መቆም አይከለከልም ነበር። ጨዋታው 19 ለ 18 አለቀ። በሒሳብ ከተመለከትነው ፎርት ዌይን ትክክል ነበር፤ አሸንፏላ! ትኬት የቆረጠው ሕዝብ ግን ጮኸ፣ ተቃወመ። ጩኸቱ ከንቱ አልቀረም። በ1954 የሲራኪዩዝ ቡድን ባለቤት የነበረው ዳኒ ቢያሶን ተነስቶ እሱ ደስ ብሎት ያያቸው ጨዋታዎች ስንት ውርወራ እንደነበራቸው አሰበ፤ ሁለቱ ቡድኖች በድምሩ 120 ያህል ነበር። ጨዋታው 48 ደቂቃ ነው፤ 2880 ሰከንድ። ለ120 ሲካፈል 24። አንድ ቡድን ኳስ በያዘ በ24 ሰከንድ ውስጥ እንዲወረውር የሚያስገድደው ሕግ የተገኘው እንዲህ ነው። በሚቀጥለው ዓመት የአንድ ቡድን አማካይ ነጥብ ከ79 ወደ 93 ወጣ፤ ሊጉም ከመሞት ዳነ። ይህም ሒሳብ ነበር፤ ነገር ግን ከተመልካቹ ደስታ የተነሳ ሒሳብ ነበር።

ሌላም አለ። ሚካን ቅርጫቱ ሥር ቆሞ ሁሉን ሲያስቸግር በ1951 አጥቂ ከሦስት ሰከንድ በላይ እንዳይቆምበት የተከለከለውን የውስጠኛውን ክልል በእጥፍ አሰፉት። ሌላው ግዙፍ ዊልት ቻምበርሊን ከመጣ በኋላ በ1964 እንደገና አሰፉት። በ2004 ተከላካይ በእጁ ከፊቱ የመጣውን እንዳያግድ አጠበቁ። አንድ ነገር ሌላውን ሁሉ በዋጠ ቁጥር ሊጉ እጁን አስገብቷል። ታዲያ ዛሬ ማን ከለከለው? ለምንድን ነው የሚካን ጉልበት ሲበዛ የተለወጠው ሕግ የካልኩሌተር ጉልበት ሲበዛ የማይለወጠው?

ምን ይደረግ ለምትሉኝ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ነገ ቅዳሜ ሜዳ ላይ ስትወጡ በሜትር ለኩት። የኤንቢኤ የሦስት ነጥብ መስመር ፊት ለፊት ከቅርጫቱ 7 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ማዕዘን ላይ ግን 6 ሜትር ከ70 ብቻ ነው። ለምን? ሜዳው ስለጠበበ ነው። መስመሩ ዙሪያውን በእኩል ርቀት ቢሰመር ኖሮ በመስመሩና በሜዳው ጠርዝ መካከል የሚተርፈው 38 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር፤ ያ ደግሞ የተጫዋች ሁለት እግር ተረጋግቶ አያስቆምም። ስለዚህ መስመሩን ማዕዘን ላይ ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉት። በሜዳው ላይ ካለው ሁሉ ቅርብ የሆነው ባለ ሦስት ነጥብ እንዲህ ተፈጠረ፤ ዛሬ አራት ሰው መስመር ላይ ተዘርግቶ አንዱን የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው። መስመሩ በእኩል ርቀት ተሰምሮ ማዕዘኑ ይዘጋ! ማዕዘን ላይ የቆመ ሰው ሁለት ነጥብ ብቻ የሚያገኝ ከሆነ እዚያ አይቆምም፤ ይንቀሳቀሳል፣ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ያለ ኳስ ይሮጣል፤ ተከላካዩም አብሮት ይመጣል፤ ወደ መካከል ያለው ቦታ እንደገና ሰው ያገኛል። ከሪ ከሩቅ መወርወሩን ይቀጥላል፤ ማንም አልነካውም። የሚቀረው ርካሹ ውርወራ ነው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ቀለምና ብሩሽ ነው፤ እኛም የምንጠይቃቸው ይህንኑ ነው!

ስለ ሌሎቹ ቅሬታዎች በአጭሩ እናገራለሁ። ጤነኛ ኮከብ ተጫዋች «እረፍት» ተብሎ ስለሚቀመጥበት ልማድ ሁላችሁም የምታውቁት አላችሁ። ከመካከላችን አንድ አባት ለልጁ ልደት ብሎ የሁለት ሳምንት የሌሊት ሥራ ገንዘቡን ትኬት ላይ አውሎ፣ ልጁ ስሙ ጀርባው ላይ የተጻፈበትን ማልያ ለብሶ ሄዶ፣ ተጫዋቹን ወንበር ላይ ሙሉ ልብስ ለብሶ ሲስቅ አይቶት ተመልሷል። ገንዘቡ ተመላሽ አልሆነም። ሊጉ ከ2023 ጀምሮ ለዋና ዋና ሽልማቶች ቢያንስ 65 ጨዋታ መጫወት ግዴታ ነው ማለቱ መልካም ነው፤ ዘግይቷል፣ ግን መልካም ነው። 82 ጨዋታ ከበዛ ደግሞ ይቀንሱት፤ ትኬቱን በሙሉ ዋጋ እየሸጡ ጨዋታውን በግማሽ አያቅርቡልን። የቴሌቪዥኑ ውል ለ11 ዓመት 76 ቢሊዮን ዶላር ሆኗል፤ ጨዋታዎቹ በየጣቢያውና በየኢንተርኔቱ ተበታትነው ሁሉን ለማየት ሁሉን መክፈል ግድ ሆኗል። በ1998 የፍጻሜውን ጨዋታዎች በአማካይ 29 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ አገር ተመልክቷል፤ በ2025 ወደ 10 ሚሊዮን ያህል ነው። ቴሌቪዥን ራሱ እንደ ድሮው አይታይም፣ ይህ ሁሉ የጨዋታው ጥፋት ነው አልልም፤ ነገር ግን የቀነሰው ሁሉ በስልክ ምክንያት ነው የሚለኝንም አላምነውም።

እኛ ሽንፈት የምንፈራ ተመልካቾች አይደለንም። የከተማችን ቡድን ለመጨረሻ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው በ1978 ነው፤ በ2023-24 ከ82 ጨዋታ 15 ብቻ አሸንፏል፤ ያም ሆኖ ሄደናል፣ አይተናል፣ ልጆቻችንንም ወስደናል። የምንጠይቀው የሚታይ ነገር እንዲቀርብልን ነው።

ለሊጉ ደብዳቤ መጻፍ እንችላለን፣ እንጽፋለንም፤ ረቂቁ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ መውጫው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ስላለ የምትስማሙ ሁሉ እንድትፈርሙበት እለምናችኋለሁ። በእጃችን ላይ ያለው ግን የራሳችን ውድድር ነው። ዘንድሮ ከ12 ዓመት በታች ባሉት ልጆቻችን ጨዋታ ላይ ክንዳቸው ገና ያልጠነከረ ሕፃናት ከደረታቸው እየገፉ ከመስመሩ ውጭ ሲወረውሩ፣ ቁመት ያለውም የሌለውም ማዕዘን ላይ ቆሞ ሲጠብቅ አይተናል። ወላጆችም ከዳር ሆነን «ወርውር፣ ወርውር» ስንል ነበር። ስለዚህ ከመጪው ውድድር ጀምሮ በዚህ ዕድሜ ክልል ከየትም የገባ ኳስ ሁለት ነጥብ ብቻ እንዲቆጠር፣ እያንዳንዱም ልጅ በየጨዋታው ቢያንስ አንድ ሩብ ጊዜ ከለመደው የተለየ ቦታ ላይ እንዲሰለፍ የሚል ሐሳብ ለኮሚቴው በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ኮሚቴውም ከእራት በኋላ ድምፅ እንዲሰጥበት ተስማምቷል። የምትቃወሙም ብትሆኑ ሳትሰጡ እንዳትሄዱ።

አመሰግናለሁ።